ንፋስስ አለ

ድሬ በሰባት ሰዓት፣ ጥላም ጥላ ሲሻ፣
ቀይ ዳትሰን ገባች፣ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ እንደ አሮጌ ውሻ
ደረቷ መሬት ሊነካ፤
ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፣ ሞተሯ ግን ልጅ ነው ለካ።

ባለቤቷ ረምላ፣ የምድር ባቡር ሰው ልጅ፣
በሻሿ እያራገበች ወረደች ከጋራዡ ደጅ።
«ወላሂ ቦጋለ፣ ይቺ መኪና ልትቀቅለኝ ነው፤
ማዞሪያውን ወደ ደረት ባዞረው፣ ወደ እግር ባዞረው፣
ይጮሃል እንጂ አይነፍስም። ሦስት ሰው ጋዝ ሞላልኝ፤
ሦስቱም ብሬን በላብኝ።»

እኔ ጋዝ አልነካም ገና። መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚሠራው፤
አንድ ላይ አደረግኩት፣ ዝም። ሁለት ላይ፣ ዝም። ሦስትም ያው።
አራት ላይ ሲደርስ ጮኸ።
«ሬዚስተሩ ተቃጥሏል፣ ቀላል ነው፣ ለሱ አትበሳጪ፤
ሌላም በሽታ አለባት፣ እስቲ ከወንበሩ ውጪ።»

ከኪሴ ያልወጣልኝን የሎተሪ ትኬት አወጣሁ፣
በየቀዳዳው አፍ ላይ እንደ ሐኪም አስጠጋሁ፦
በመሐል፣ አትነቃነቅም። በጎን፣ አትነቃነቅም።
በእግር በኩል ትንሽ እፍ አለ፣ ለጉንዳን እንኳ አይጠቅም።
ከመስታወቱ ሥር ሳደርጋት ግን ከጣቴ አምልጣ በረረች፤
«ይኸው ወጣልህ ሎተሪው!» ረምላ ከት ብላ ሳቀች።

ንፋስስ አለ።
መንገዱ ነው የጠፋው።

የተሠራችው ጉም ባለበት ነው፤ ድሬ ላይ ጉም ማን አየ?
ትንፋሿ ሲደክም ግን ልማዷ ከሷ አልተለየ፤
ያላትን ሁሉ ሰብስባ መስታወት ትጠርጋለች፣
ሾፌሩ ይቀቀል እንጂ መንገዱን ይይ ትላለች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የቀጭኗን ጎሚኒ መስመር ያዝኩ፣
ከሞተሩ ራስ ጀምሬ በጣቴ እየዳበስኩ፣
ከባትሪው ጀርባ ስደርስ፣ አይጥ።
የድሬ አይጥ፣ ጫት ሲወደድባት፣ ጎሚኒ ትቅማለች፤
የጥርሷን ማኅተም ትታ፣ ግማሹን ይዛ ሄዳለች።
ረገምኳት፣ እናቷንም ጨምሬ።
ልጁን ፋርማሲ ላክሁት፤ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጬ
ለጊዜው ብዬ ቀጠልኩት፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቄ።

ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው።
ንፋሱ ግን አሁንም እንደ ሽማግሌ ሳል የደከመ ነው።

ክሩስኮቱን ፈታሁት። እግሬ ወንበሩ ላይ፣ ራሴ ፔዳል ሥር፣
ላቤ ወደ ዓይኔ ሽቅብ ሲፈስ፣ በአፌ ካቻቢቴ ነክሼ፤
ውጭ አንድ ባጃጅ ብቻ፣ ከተማው ሁሉ ተኝቷል።
ከቱቦው አፍ የኒም ቅጠል ወጣ፣ ጭብጥ ሙሉ፤
ስፖንጅ፣ ስትነካው አመድ የሚሆን፤
ከዚያ ወረቀት። ትንንሽ፣ የታጠፈ፣ ቢጫ።
የባቡር ትኬት። አንድ። ሦስት። ዘጠኝ።
ቆጠራውን ተውኩት።

የረምላ ሳቅ ቆመ። «እኔ ነኝ» አለች፣ «እኔ ነኝ።
አምስት ዓመቴ ነበር፤ የፖስታ ሣጥን መሰለኝ።
መኪናዋ ግቢ ቆማ፣ አባዬ ጅቡቲ ሲያድር፣
እገባና በዚያች ስንጥቅ፣ ከመስታወቱ ሥር፣
እልክለት ነበር።»
«ምን ብለሽ?»
«መጻፍ መች እችል ነበር?
ጫፉን እነክሰዋለሁ። ፊርማዬ እሱ ነበር።»

አንዱን ወደ ብርሃን ያዝኩት። እውነትም፣ ጥግ ላይ፣
የወተት ጥርስ።
አይጧን ስረግም የነበርኩ ሰው ምን እላለሁ?

ገጠምኩት። አንድ ቡሎን ተረፈኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል።
አንድ ላይ አደረግኩት፣ ነፈሰ። ሁለት ላይ፣ ሻሿን ገፈፋት።
መጀመሪያ ሞቃት፣ አቧራ አቧራ የሚል፣
ቀጥሎ ቀዝቃዛ፤ ጋዙማ ሦስቴ ተሞልቷል!

ሂሳቧን ከፈለች። ትኬቶቹን በሻሿ ጫፍ ቋጠረች፤
ልትሄድ ሞተር አስነስታ፣ ግራ ቀኝ አየችና፣
አንዷን ከቋጠሮው መዛ፣ ጫፏን ነከስ አድርጋ፣
ከመስታወቱ ሥር ከተተቻት።

አይቼ እንዳላየሁ ኮፈኑን መታ መታ አደረግኩ።
የደቻቱን ድልድይ እስክትሻገር ቆሜ፣
ተመልሳ ትመጣለች፣ አልኩ።